«የመጨረሻው ስንት ነው?» እንግሊዞች ለአሮጌ ዕቃ ለምን በማለዳ ይሰለፋሉ

ባለፈው ኒውአርክ ጭቃ ላይ ቆሜ ሳለሁ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች።

«የት ነህ?»

«ገበያ።»

«ምን ልትገዛ?»

«አሮጌ ማንኪያ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እዚህ ቆራሌው በር ላይ እየጮኸ ይወስድልናል፣ አንተ ባሕር ተሻግረህ በገንዘብህ ትገዛለህ?» ብላ ሳቀች። መልስ አልነበረኝም። በአንድ እጄ ስልክ፣ በአንድ እጄ ማንኪያ ይዣለሁ። ለእሷ ያላስረዳኋትን እዚህ ልሞክር። ነገሩ ከውጭ ሲታይ እብደት ይመስላል፣ ውስጡ ሲገቡ ግን የራሱ ሒሳብ አለው። (ዓመቶቹ፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ቤት አሮጌ ዕቃ ማለት ቦታ የያዘ ዕቃ ነው። ልዋጭ ይመጣል፣ የአባትህን ኮት ወስዶ ሳፋ ሰጥቶህ ይሄዳል። የቀረውን ቆራሌው ይጭነዋል፣ ምናለሽ ተራ ያደርሰዋል፣ እዚያ በርሜሉ ምድጃ፣ ጎማው ጫማ ሆኖ ይወጣል። ዕቃው ዋጋ የሚያወጣው ሌላ ነገር መሆን ስለሚችል ነው። የአንቲካ ገበያ ይህን ይገለብጠዋል። እዚህ ዕቃው የሚወደደው ሌላ ነገር ስላልሆነ ነው። ሳይቀልጥ፣ ሳይቆረጥ፣ አዲስ ቀለም ሳይቀባ በመቆየቱ።

ኒውአርክ ስል የአሜሪካው ኤርፖርት ያለበት ከተማ እንዳይመስላችሁ። ይህችኛዋ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ያለች ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር አውሮፕላን ያርፍበት የነበረ ሜዳ ላይ፣ በዓመት ስድስት ጊዜ የአንቲካ ባዛር ይዘረጋል። ቦታው 84 ኤከር ነው፣ ወደ 34 ሄክታር። በኳስ ሜዳ ብትለኩት 48 አካባቢ ይወጣዋል። ሲሞላ እስከ 2,500 መደብ ይይዛል። እያንዳንዱ መደብ ላይ አንድ ደቂቃ ብቻ ብትቆሙ ከ41 ሰዓት በላይ ያስፈልጋችኋል፣ ባዛሩ ደግሞ ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ ሁሉን አይቶ የወጣ ሰው የለም። ሁሉም አንድ ነገር አምልጦት ነው የሚወጣው። ይመስለኛል፣ ሰው ደጋግሞ የሚመለሰውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሐሙስ ነው፣ መግቢያውም ከዓርቡ ይወደዳል። ለምን? ሐሙስ ጠዋት የሚገባው ብዙው ሰው ራሱ ነጋዴ ስለሆነ። ሻጮቹም ገና ዕቃቸውን ከመኪና እያወረዱ እርስ በርስ ይገዛዛሉ። አንድ ሰውዬ ወንበር ሲያወርድ አየሁት፣ ወንበሩ መሬት ሳይነካ ጎረቤቱ ገዛው፣ እኔ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ያው ወንበር ሦስት መደብ አልፎ ዋጋው ጨምሮ ቆሟል። ሳቅሁ፣ ግን ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ወንበሩ ላይ የተለወጠ አንድም ነገር የለም። የተለወጠው የያዘው ሰው የሚያውቀው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም የዚህ ንግድ ዋናው ምስጢር ይኸው ነው።

አንድ አዛውንት ይሞታሉ እንበል። ልጆቻቸው ቤቱን ቶሎ መሸጥ ይፈልጋሉ። የሟች ቤት ዕቃ የሚያነሡ ሰዎች አሉ፣ ሁሉንም ባንድ ዋጋ ጠቅልለው ይጭናሉ። ከጭነቱ ውስጥ አንድ ሰማያዊና ነጭ ሳህን አለ። አንሺው ለአጠቃላይ ነጋዴ በ10 ፓውንድ ይሰጠዋል። ነጋዴው ሸክላ ትንሽ ያውቃልና ኒውአርክ አምጥቶ 40 ይልበታል። ሸክላ ብቻ የሚሸጥ ሌላ ነጋዴ ጀርባውን ገልብጦ፣ በጥፍሩ ጠርዙን መታ መታ አድርጎ፣ ድምፁን ሰምቶ (የተሰነጠቀ ሳህን ደንቆሮ ድምፅ ነው ያለው) ይገዛዋል። ለንደን ባለው ሱቁ 150 ይለጥፍበታል። ያችን ሳህን ለዓመታት ሲፈልጋት የነበረ ሰብሳቢ ይገባና ሳይከራከር ይከፍላል። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው የፈጠርኳቸው፣ መንገዱ ግን ይኸው ነው። በእያንዳንዱ እርከን የተከፈለው ለሳህኑ አይደለም፣ ለዕውቀት ነው። ባዛር ማለት እነዚህ እርከኖች ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ የሚገናኙበት ቦታ ነው፣ ያ 40 ፓውንድ እና ያ 150 ፓውንድ በአንድ ቀን ጎን ለጎን የሚቆሙበት። ተራው ሰውም ከፍሎ የሚገባው አንድ ተስፋ ይዞ ነው፤ ዛሬ ሻጩ የማያውቀውን አንድ ነገር እኔ አውቅ ይሆናል።

ለመሆኑ አንቲካ የሚባለው የቱ ነው? በነጋዴው ዘንድ የተለመደው ልክ 100 ዓመት ነው። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም፣ ከጉምሩክ ነው የመጣው። አሜሪካ በ1930 ባወጣችው የታሪፍ ሕግ ከ1830 በፊት የተሠራ ዕቃ ከቀረጥ ነጻ እንዲገባ ፈቀደች። በ1966 ቋሚውን ዓመት ትታ 100 ዓመት የሞላው ይግባ አለች። እንግዲህ መስመሩ በየዓመቱ አንድ አንድ ዓመት ወደፊት ይሄዳል፣ እኛም ወደ መስመሩ እንቀርባለን። ከ100 በታች ያለውን ቪንቴጅ ይሉታል። ባዛሩ ላይ ግን ይህን ጠብቆ የሚሸጥ የለም። የቪክቶሪያ ዘመን ቡፌ አጠገብ የ1970ዎቹ ብርቱካናማ መብራት፣ ከሱ አጠገብ ዝገት የበላው የወተት ጋን፣ ከሱ ቀጥሎ ጭንቅላት የሌለው አሻንጉሊት።

ታዲያ ይህ የነጋዴ ገበያ የነበረ ነገር እንዴት የቤተሰብ መዝናኛ ሆነ? አንዱ ቴሌቪዥን ነው። ቢቢሲ «አንቲክስ ሮድሾው»ን በ1979 ጀመረ፣ እስካሁንም አለ። ሰው የቤቱን ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣል፣ ባለሙያው አገላብጦ ታሪኩን ይነግረዋል፣ መጨረሻ ላይ ዋጋ ይጠራል፣ ካሜራው የሰውየው ፊት ላይ ነው። በ2000 ደግሞ «ባርጌን ሃንት» መጣ። ይህኛው ቀጥታ ባዛር ውስጥ ነው። ቀይ ቡድንና ሰማያዊ ቡድን አሉ፣ ለእያንዳንዳቸው 300 ፓውንድና አንድ ሰዓት ይሰጣቸዋል። ሦስት ዕቃ ገዝተው ኋላ በጨረታ ያሸጣሉ፣ ካተረፉ ትርፉ የነሱ ነው።

እና አብዛኛውን ጊዜ ይከስራሉ። መጀመሪያ ሳይ እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው ብዬ ነበር። ጥፋቱ የነሱ አይደለም። ባዛር ላይ የምትከፍሉት የነጋዴውን ትርፍ የያዘ ዋጋ ነው። ጨረታ ላይ ደግሞ ከሚገዙት ብዙዎቹ እነዚያው ነጋዴዎች ናቸው፣ መልሰው ሊሸጡት ስለሚገዙ ዝቅ አድርገው ነው የሚጫረቱት። ከሱቅ ገዝቶ ለጅምላ አከፋፋይ መሸጥ ማለት ነው። በዚያ ላይ ከቴሌቪዥን ውጭ ያለው ተራ ሰው የጨረታ ቤቱን ድርሻ ይከፍላል። መዶሻው 100 ፓውንድ ላይ ቢወድቅ፣ ገዢው 25 በመቶ ኮሚሽንና በኮሚሽኑ ላይ ቫት ተጨምሮበት 130 ይከፍላል እንበል። ከሻጩ ደግሞ 20 ቢቆረጥበት እጁ የሚገባው 80 ነው። መሐል ላይ 50 ፓውንድ ቀለጠ። ስለዚህ ባዛር የገዛችሁትን ነገ በጨረታ አተርፍበታለሁ ካላችሁ፣ እግዚአብሔር ይርዳችሁ። ቤታችሁ ልታስቀምጡት ከሆነ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። አሮጌ የቤት ዕቃ ረክሷል። በጣም ረክሷል። ከማሆጋኒ፣ ከኦክ፣ ከዋልነት የተሠራው ጥቁር ቡኒ ከባድ ዕቃ፣ ነጋዴዎቹ በአጭሩ «ቡኒ ዕቃ» የሚሉት፣ በ1990ዎቹ ሀብታም ቤት የሚገባ ነበር። ከ2000 በኋላ ዋጋው ቁልቁል ሄደ። አፓርታማው ጠበበ፣ ባለ ስድስት ክንድ ቡፌ በደረጃ አይወጣም። የምግብ ክፍል የሚባለው ከሳሎንና ከማዕድ ቤት ጋር ተቀላቀለ፣ 12 ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ ማን ይፈልጋል? የስዊድኑ የቤት ዕቃ ነጋዴ ኢኬያ በ1987 የመጀመሪያ የእንግሊዝ ሱቁን ዋሪንግተን ከፈተ፣ በ1996 ደግሞ እንግሊዞችን የአበባ መጋረጃና ጨርቃችሁን አውጥታችሁ ጣሉ የሚል ማስታወቂያ ለቀቀባቸው። ጣሉ። ልጆቹ ከወላጆቻቸው የወረሱትን ይዘው የሚያደርጉት ጠፋቸው፣ ገበያው ሞላ፣ ዋጋው ወረደ።

ለነጋዴው መርዶ ነበር። ብዙ የገጠር ከተማ አንቲካ ሱቆች በዚህ ዘመን ተዘግተዋል። ለባዛሩ ጎብኚ ግን በር ተከፈተ። ዛሬ 150 ዓመት የሆነውን፣ ሙሉ እንጨት፣ ባለ አራት መሳቢያ ኮመዲኖ፣ ከተጨመቀ ብናኝ ከተሠራ አዲስ ኮመዲኖ ባነሰ ዋጋ የምታገኙበት ቀን አለ። ወጣቶቹ መጀመሪያ የመጡት ለርካሽነቱ ነው። አካባቢን ስለመንከባከብ የሚያወሩት ኋላ ነው ባይ ነኝ፣ ምንም እንኳ ነገሩ ውሸት ባይሆንም፤ ድሮ የተቆረጠ ዛፍ እንደገና አይቆረጥም።

ኢንተርኔት ባዛሩን ይገድለዋል ተብሎ ነበር። ግማሹ ደርሷል። ብርቅ ይመስል የነበረ ብዙ ነገር ስልክ ላይ ሲፈለግ አምስት መቶ እሱን የመሰለ ይወጣል። የንጉሣውያን ሰርግ መታሰቢያ ኩባያ ለልጄ ጥሪት ይሆናል ብሎ ያስቀመጠ ሰው ዛሬ ያዝናል። ግን ስክሪን ላይ ክብደት አይታወቅም፣ ሽታ አይሸተትም፣ መሳቢያ አይሳብም። ፎቶ ላይ ያማረ ብዙ ነገር እጅ ላይ ሲገባ ቆርቆሮ ነው። ሰው በኢንተርኔት ስንት ጊዜ ከተታለለ በኋላ ወደ ሜዳው ተመለሰ። ነጋዴዎቹም ብልጦች ናቸው፣ ጠዋት ባዛር የገዙትን እዚያው ቆመው በስልካቸው በቀጥታ እያሳዩ ከሰዓት በፊት ይሸጡታል።

አሁን ወደ እጅ እንምጣ።

ስድስት የቡና ማንኪያ ገዛሁ፣ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ሻጩ «ብር ነው» አለኝ፣ ጀርባው ላይ ትንንሽ ማኅተሞች በተርታ ተመትተዋል፣ 45 ፓውንድ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ በማጉያ መነጽር አየሁት። ማኅተሞቹ በጌጠኛ ፊደል የተጻፉ አራት ሆሄያት ናቸው፤ ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ። ትርጉሙ በኤሌክትሪክ ብር የተቀባ ኒኬል ነው። ውስጡ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል እንጂ አንዲት ፍሬ ብር የለበትም፤ ብሩ ከላይ እንደ ቀለም ነው። የበርሚንግሃሙ ኤልኪንግተን ይህን ዘዴ በ1840 ካስመዘገበ ወዲህ በብዛት ተሠርቷል። ማኅተሙንም ሆን ብለው እውነተኛውን እንዲመስል አድርገው የሚመቱ ነበሩ። ሰውየው ዋሽቶኝ ይሁን እሱም ተሸውዶ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ደረሰኝ አልተቀበልኩም ነበር። የማን ጥፋት ነው? የኔ።

እውነተኛውን የእንግሊዝ ብር ማወቅ ግን የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው። ወደ ግራ የሚራመድ አንበሳ ፈልጉ። አንበሳው ካለ ከ1,000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው። ከጎኑ የተፈተሸበት ከተማ ምልክት አለ። የነብር ፊት ለንደን፣ መልሕቅ በርሚንግሃም ነው። ሼፊልድ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ዘውድ ነበር፣ ከዚያ ጽጌረዳ ሆነ። (በርሚንግሃም ከባሕር እጅግ የራቀ ከተማ ሆኖ መልሕቅ መያዙ ሁሌ ያስቀኛል።) ከዚያ አንድ ፊደል አለ፣ ዓመቱን የሚናገር፣ ከሠንጠረዥ ጋር ታመሳክሩታላችሁ። በመጨረሻ የሠሪው ስም መነሻ። ማንኪያ ሳይሆን መታወቂያ የያዘ ሰው በሉት። ሠንጠረዡን የያዘች የኪስ መጽሐፍ አለች፣ ባዛር ላይ ግማሹ ሰው ኪሱ ውስጥ ናት።

እንጨት መታወቂያ የለውም። እንጨት በእጅ ነው የሚነበበው። መሳቢያውን ሙሉ ሳቡት፣ ገልብጡት፣ ከሥር በመዳፋችሁ ዳብሱት። በማሽን ያልተላገ እንጨት ዝም ብሎ ለስላሳ አይደለም፣ ወጣ ገባ አለው። ጥግ ላይ ሁለቱ ሳንቃዎች ጥርስ በጥርስ የተቆላለፉበትን እዩ። ጥርሶቹ ሁሉም እኩል ከሆኑ ማሽን ነው፤ አንዱ ሰፋ አንዱ ጠበብ ካለ የሰው እጅ ነው። ክብ ጠረጴዛ ከሆነ ሜትር አውጡና በሁለት አቅጣጫ ለኩት። እንጨት በዕድሜ ብዛት በስፋቱ ይኮማተራል፣ በርዝመቱ ግን አይኮማተርም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እውነተኛ የ200 ዓመት ክብ ጠረጴዛ ክብ አይደለም። ትንሽ ሞላላ ሆኗል። ፍጹም ክብ ከሆነ ጠርጥሩ። ይህን ስሰማ ደስ ያለኝን ያህል በሌላ ነገር ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ሐሰተኛው የሚታወቀው እንከን ስለሌለው ነው።

ሌላው ተንኮል የላይኛውን ከአንድ፣ የታችኛውን ከሌላ ዕቃ አምጥቶ መግጠም ነው። ነጋዴዎቹ «ትዳር» ይሉታል። ሁለቱም አካል እውነተኛ አሮጌ ነው፣ አብረው አልተወለዱም እንጂ። ጀርባውን እዩ፣ የጀርባው እንጨት ቀለም ከላይና ከታች ካልተመሳሰለ ትዳሩ የቅርብ ነው። ወዙንም እዩ። የሰው እጅ በየቀኑ የነካው ቦታ፣ የመሳቢያው እጀታ ዙሪያ፣ የወንበሩ ክንድ፣ ይወዛል። ማንም እጁን የማያሳርፍበት ቦታ እኩል ከወዛ አንድ ሰው ሰም ይዞ ደክሞበታል።

አንድ ነገር ስለ ሕጉ፣ ቶሎ ብዬ ልለፍ። የዝሆን ጥርስ መሸጥ ከሰኔ 2022 ጀምሮ እንግሊዝ አገር ክልክል ነው፣ ዕቃው የፈለገውን ያህል ቢያረጅም። ጠባብ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉ፣ ለምሳሌ ከ1947 በፊት ተሠርቶ የዝሆን ጥርሱ ከ10 በመቶ በታች የሆነ፣ እሱም ተመዝግቦ። ቅጣቱ እስከ 250,000 ፓውንድ ወይም አምስት ዓመት እስር ይደርሳል። ስፖንጅና ጨርቅ ያለው ሶፋም የራሱ የእሳት ደንብ አለው። ከ1950 በፊት የተሠራው ነጻ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ደንቡን ካላሟላ አይሸጥም። ነጋዴዎቹ ደግሞ ቫት የሚከፍሉት በሙሉ ዋጋው ላይ ሳይሆን በትርፉ ላይ ብቻ የሚሆንበት አሠራር አላቸው፣ ዕቃው አዲስ በነበረ ጊዜ ግብሩን ከፍሏል በሚል።

ከሕጎቹ ሁሉ የሚገርመኝ ግን የሞተው ነው። ለንደን ውስጥ በርመንድሲ የሚባል የዓርብ ጠዋት የአንቲካ ገበያ አለ። ሰው ገና ሳይነጋ ባትሪ ይዞ ይሄድበት ነበር። በጥንቱ ሕግ እንደዚህ ባለ ክፍት ገበያ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ ድረስ በቅን ልቦና የተገዛ ዕቃ፣ የተሰረቀ እንኳ ቢሆን፣ የገዢው ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱ መጥቶ የኔ ነው ቢል አይመለስለትም። ይህ ሕግ የተሻረው በስንት ዓመት ይመስላችኋል? በ1994 በወጣ ሕግ፣ ገና ትናንት። ዛሬ የተሰረቀ ዕቃ የገዛ ሰው ባለቤቱ ከመጣበት እጁ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ዕቃው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ የሚናገረው ወረቀት፣ የዕቃው የትውልድ ሐረግ በሉት፣ አንዳንዴ ከዕቃው በላይ ዋጋ አለው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደኛ የሚመጣው።

ሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ የግምጃ ቤቱና የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ተዘረፈ። ለመጫን 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ አስፈልጓል። ከዚያ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደ። የብሪቲሽ ሙዚየም የላከው ሰው ዋናው ገዢ ነበር፣ የተገኘውም ገንዘብ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ታቦታቱ፣ ብራናዎቹና ዘውዱ ሙዚየም ገቡ፣ ስለነሱ ብዙ ተጽፏል። መኮንኖቹና ወታደሮቹ በግል የያዙት ግን የትም አልተመዘገበም። በሻንጣ እንግሊዝ ገባ፣ ሳሎን ላይ ተሰቀለ፣ ልጅ ወረሰው፣ የልጅ ልጅ ሰገነት ላይ ጣለው፣ አንድ ቀን የሟች ቤት የሚያነሡት ሰዎች ይጭኑታል። ከላይ የነገርኳችሁ የሳህኑ መንገድ ማለት ነው። በ2021 ዶርሴት ውስጥ አንድ የጨረታ ቤት ከመቅደላ የመጣ ባለ ቆዳ ሽፋን መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎችን ለሽያጭ አቅርቦ ነበር። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጠየቀ፣ ከጨረታው ወጡ፣ በዚያው ዓመት አንድ በጎ አድራጎት ገዝቶ አስረከበ። በ2024 አንድ የመቅደላ ጋሻ እንዲሁ ከጨረታ እንዲወጣ ተደርጓል።

ስለዚህ እኔ ባዛር ስዞር ሁለት ዓይን ነው ያለኝ። አንዱ ማንኪያ ይፈልጋል። ሌላው መስቀል፣ ክታብና የብራና ቅጠል ይፈልጋል። ብራና ቅጠል ቅጠሉን ተገንጥሎ በፍሬም ሲሸጥ ማየት ሆድ ያባባል፣ ምክንያቱም አንድ መጽሐፍ ሙሉውን ከሚያወጣው ቅጠል ቅጠሉ ስለሚበልጥ ነው የሚቦጭቁት። ብዙው ግን ለቱሪስት ተሠርቶ በጭስ የጠቆረ ነው፣ እሱን ሳይ ጭራሽ ደስ ይለኛል። እውነተኛ የሚመስል ካያችሁ ፎቶ አንሡ፣ ሻጩን ከየት እንዳገኘው በጨዋ ቃል ጠይቁ፣ ለኤምባሲው ንገሩ። ከአገር ቤት የምትመጡም፣ ከቸርችል ጎዳና ሱቅ የገዛችሁት መስቀል አሮጌ ከመሰለ ከቅርስ ባለሥልጣን የመውጫ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ነው፣ ይህኛው በኛ አቆጣጠር። ቦሌ ላይ ከመከራከር ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ያን ቀን ኒውአርክ ውስጥ ከማንኪያው ሌላ ያገኘሁት ግን የኛም የነሱም የሆነ ነገር ነበር። አንዲት አሮጊት የመስታወት ሳጥን ፊታቸው ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከሰዓትና ከሜዳሊያ መሐል አንዲት ወፍራም ሴት ከሩቅ አየችኝ። ጠገራ! ወረቀቱ ላይ «ኦስትሪያ፣ 1780፣ 40 ፓውንድ» ይላል።

ሴትየዋ ዕቃውን የ1780 ነው ብለው ያምናሉ፣ ፊቱ ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈው። እኔ ግን አያቴ ሳጥን ውስጥ እያየሁት ነው ያደግኩት። መልኳ ጠገራው ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ሞተች። ገንዘቧን የለመደ ነጋዴ፣ በተለይ የኛና የዐረቡ፣ ሌላ መልክ አልቀበልም ስላለ፣ ያው መልክና ያው ዓመት ሳይለወጥ ሲመታ ኖረ። በ1935 ሙሶሊኒ ማተሚያ ቅርጹን ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ፣ ሊወረው ያሰበውን አገር በራሱ ገንዘብ ሊገዛ። እንግሊዞችም ለንደን፣ ቦምቤይና በርሚንግሃም ላይ መቱት። ክብደቱ ሁሌም 28 ግራም ከትንሽ፣ ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር። ስለዚህ 1780 የሚል ጠገራ የ1780 ሊሆን ይችላል፣ ከዚህ ሜዳ የመኪና መንገድ ርቀት ላይ በአባቴ ዕድሜ የተመታም ሊሆን ይችላል። ጠርዙ ላይ በላቲን የተጻፈውን በጣቴ ዳበስኩ፣ «ፍትሕና ምሕረት» ነው የሚለው። በስንቱ እጅ አልፎ እዚህ እንደደረሰ ሳስብ ቃሉ ትንሽ አሳቀኝ።

ዕድሜው ያልታወቀ ጠገራ ዋጋው ከብሩ ብዙ አይርቅም። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸው አላወቁም። ልንገራቸው ወይስ ዝም ብዬ ልከራከር? ነገርኳቸው። ሳጥናቸው ላይ ደገፍ ብለው በጥሞና ሰሙኝ፣ ሁለት ጊዜም አስደገሙኝ። ከዚያ መርካቶ ሲሸጥ ሲገዛ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቃትን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጠየቅኳቸው። የመጨረሻው ስንት ነው?

35 አሉ። ሰጠኋቸው።

ማታ ለእናቴ ፎቶውን ላክሁላት፣ ወዲያው ደወለች።

«ዕንቁዋን ቆጠርክ?»

የድሮ ነጋዴ ጠገራ ሲቀበል ጠገራው ላይ ያለችውን ሴት የጌጥ ዕንቁ አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር፣ ከጎደለ አይቀበልም። የድሮ ተጓዦችም ጽፈውታል። እኔ አልቆጠርኩም ነበር። ቆጠርኩላት፣ በስልክ፣ እሷ እየተከተለችኝ።

«ሻጯ ዋጋውን ስንት አለችህ?»

«40።»

«ስንት ሰጠሃት?»

«35።»

«ዕውቀቱን በነጻ ሰጥተሃት 35?» አለችኝ። «20 ብሎ መጀመር ማን ከለከለህ?»